ዝናው አዲስ አበባ፣ በሶው ጎንደር

ታላቅ እህቴ በጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ ከእህል ተራው ገባ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ በሶ ትሸጣለች። እኔ ሒሳቧን እይዛለሁ፣ ደብዳቤ ሲያስፈልግ እጽፋለሁ፣ ውል ሲመጣ አነባለሁ። ከ2015 እስከ 2017 ዓ.ም. ለበሶዋ ዝነኛ አስተዋዋቂ ስንፈልግ ምን እንዳወጣን፣ ምን እንዳገኘንና የት ላይ እንደተሳሳትን ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ። የሌሎቹን ሰዎች ስም አልጠራም። ውለታ የዋሉልን በስም እንዲነሡ አልጠየቁም፤ የበደሉንም ቢሆኑ አብዛኛውን በር የከፈትንላቸው እኛው ነን።

ከዕቃው ልጀምር። ገብሱ የሚመጣው ከዳባትና ከወገራ ነው። ተለቅሞና ረጠብ ተደርጎ ይሸከሸካል፤ ገለባው ተነፍቶ ከወጣ በኋላ በብረት ምጣድ ይቆላል። እታለም (እኔ የምጠራት እንዲህ ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች) ቆሎው መድረሱን በዓይኗ አይታ አታምንም። ሁለት ፍሬ ታነሣና በፊት ጥርሷ ትሰብራለች። ቀጭ ካለ ይወርዳል፤ ድምፁ ከታፈነ ይቆያል። ከምጣድ የወረደው በሰፌድ ላይ ተበትኖ እስኪቀዘቅዝ ወፍጮ ቤት አይሄድም። ትኩሱን ያስፈጨ ሰው ዱቄቱ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ያልበዋል፤ ሳይውል ሳያድር ይሻግታል። የገበያው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የሚታገሠው ግን ጥቂት ነው። እታለም ሌሎቹን የምትበልጠው በዚህ ትዕግሥት ብቻ ይመስለኛል።

በሶ ማስታወቂያ አያስፈልገውም የሚል ሰው ይኖራል። ዘማች ስንቁ አድርጎ የተሸከመው፣ እሳት የማይሻ፣ ውሃ ካገኘ የሚበላ ምግብ ነው። ፊደል የቆጠረ ሁሉ "አበበ በሶ በላ" እያለ ነው ያደገው። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው በሶ እናቱ ቤት አለ። ደንበኛው የሚፈልገው በሶን የሚገዛበት ምክንያት ሳይሆን የእታለምን በሶ የሚገዛበት ምክንያት ነው። በ2015 መጀመሪያ ላይ በወር ወደ 220 ኪሎ እንሸጥ ነበር። ኪሎው 150 ብር ነበር፤ ገብሱ፣ ማገዶው፣ ወፍጮው፣ ከረጢቱ፣ የቤት ኪራዩና የሁለት ልጆች ደመወዝ ሲቀነስ ከኪሎው 35 ብር ይተርፍ ነበር። 220 ኪሎና 35 ብር፤ እነዚህን ቁጥሮች አንባቢ ይያዝልኝ፤ እኛ ሳንይዛቸው ቀርተን ነው የተጎዳነው።

የእታለም የመጀመሪያ ሐሳብ ወጪ አልነበረበትም። "አበበ በሶ ከበላ፣ አበበ ቢቂላ ከረጢቱ ላይ ይታተማ!" አለችኝ። ፎቶውን ከኢንተርኔት አውርዶ ለማተሚያ ቤት መስጠት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም። እኔ እንቢ አልኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ሊለጠፍ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ይደነግጋል። የሚቀጥለው አንቀጽ ደግሞ ዝነኛነትን ከልዩ ሁኔታዎቹ መካከል ስለሚቆጥር ብዙ ነጋዴ "ዝነኛ ከሆነ ይቻላል" ብሎ ይጽናናል። እኔ እንደሚገባኝ ግን ስለ ዝነኛው ሰው መናገርና በዝነኛው ሰው ፊት ዕቃ መሸጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደግሞስ በ1966 ያረፈ ሰው የእኛን በሶ መች ቀመሰው?

አንድ ግጥጥሞሽ ሳልጠቅስ አላልፍም። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በማግስቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ነው። ይህን ስነግራት እታለም እጇን አጨበጨበች፦ "እንግዲያው በአንድ ቀን አመለጠን በለኛ!"

ዘፋኙ

ቀጥሎ የታሰበው አንድ ትልቅ ዘፋኝ ነው። በእኛ አገር ዝነኛ ሰው ጋር የሚደረሰው በዘመድ በኩል ነው፤ እኛም እንደ ልማዱ በዘመድ ጀመርን። የጎረቤታችን የክርስትና ልጅ አጎት ከዘፋኙ ሙዚቀኞች አንዱን ያውቃል ተባለ። ሁለት ወር "ነግሬዋለሁ"፣ "ስልኩ አይነሣም"፣ "ከጾሙ በኋላ" ስንባል ከረምን። ዘመድ በር ያስከፍታል፤ ሥራን በቀጠሮ ለመጨረስ ግን ክፍያ የለበትምና ማንም አይጣደፍም። ጊዜያችንን የበላው ይህ ነው።

ዘፋኙ ለዝግጅት ጎንደር መምጣቱ ሲሰማ እታለም በሶዋን በዘንቢል ይዛ ያረፈበት ሆቴል በር ላይ አራት ሰዓት ቆመች። አልገባችም። በመጨረሻ ሁለቱን ኪሎ ለዘበኛው ሰጥታው ተመለሰች፤ ዘበኛው እስከ ዛሬ ደንበኛችን ነው። ከዚያ ሙከራ ያተረፍነው እሱን ነው፤ ስቀልድ እንዳይመስላችሁ።

ከዚያ ደብዳቤ ጻፍን። የመጀመሪያውን የጻፈችው እታለም ናት፤ ሦስት ገጽ ነበር። "ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የእርስዎ አድናቂ መሆኔን ስገልጽ በታላቅ ትሕትና ነው" ብሎ ይጀምራል፤ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ሴት ነጋዴዎች ትግል ያወራል፤ በሶ የሚለው ቃል የመጣው በሁለተኛው ገጽ መካከል ነው። ስንት እንደምትሸጥ የለም፤ ምን እንደምትፈልግም የለም። በቀን ስንት እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚደርሰው ሰው የቱን አንብቦ የቱን ይተው? እኔ ወደ ግማሽ ገጽ አሳጠርኩት፦

"በጎንደር ከተማ በሶ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ፤ በወር 220 ኪሎ ይሸጣል። ሁለት ኪሎ ልኬልዎታለሁ። ቀምሰው ከወደዱት ለአንድ ዓመት በስምዎና በፎቶዎ ለማስተዋወቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍሉ ቢያሳውቁኝ እወዳለሁ። ካልወደዱት ምን እንደጎደለው ቢነግሩኝ ክፍያ እንደተቀበልኩ እቆጥረዋለሁ።"

መልስ በዐሥር ቀን መጣ። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ናት ያመጣችው ብዬ አምናለሁ። የደወለው የዘፋኙ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ጨዋ ሰው ነበር። ለአንድ ዓመት፣ ለአንድ ቪዲዮና ለፎቶ 1,200,000 ብር ጠየቀ። ሲናገር ዋጋው ለባንክና ለመጠጥ ፋብሪካ የተቆረጠ መሆኑ ያስታውቃል፤ እኛን ለማባረር የተባለ አልነበረም።

በዚያ ምሽት ሒሳቡን ለእታለም በወረቀት አሳየኋት። 1,200,000 ለ35 ሲካፈል 34,286 ኪሎ ይሆናል። በወር 220 ብንሸጥ 156 ወር፣ ማለትም 13 ዓመት። ይህ ደግሞ ዕዳውን ብቻ ለመክፈል ነው፤ እኛ ሳንበላ። ወረቀቱን አየችው፣ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው፣ "ዘፋኙ ይቅር" አለች። "ስሙ ያነሰ ሰው እንፈልግ።"

እዚህ ላይ ነው የእኔ ስህተት የሚጀምረው። ከሒሳቡ "ዋጋው በዛ" የሚለውን ብቻ ነው የወሰድነው። ዝናው የት እንዳለና ዕቃችን የት እንደሚገኝ አልጠየቅንም።

ስልሳ ሺህ ብር

ስሙ ያነሰው ሰው አዲስ አበባ ይኖራል፤ በቲክቶክ በቀልዱ የታወቀ ወጣት ነው። በሰኔ 2015 በ60,000 ብር ተስማማን። ገንዘቡ ሁለት ዓመት ሙሉ ለወፍጮ መግዣ ሲቆጠብ የነበረ ነው። ውሉ አንድ ገጽ ነበር፤ የላከልንም እሱ ነው። "አስተዋዋቂው አንድ ቪዲዮ ሠርቶ በገጹ ይለቃል" ይላል። መቼ እንደሚለቅ የለም፤ ምን እንደሚናገር የለም፤ ከመልቀቁ በፊት እንድናየው የሚል የለም። አነበብኩት፤ የከፋ ነገር አላየሁበትምና እታለም ፈረመች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ውል ባደረጉት ሰዎች መካከል ሕግ ነው ይላል፤ ያልተጻፈውን ደግሞ ተስማምተንበት ነበር ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። የሰው ውል ሳነብ የተጻፈውን ብቻ የማንበብ ልማዴን የተውኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ገንዘቡን በሙሉ አስቀድመን በቴሌብር ላክን። ሐምሌ አለፈ። በነሐሴ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ቪዲዮው የተለቀቀው በጥቅምት 2016 ነው፤ እኛ የሰማነው ከሦስት ቀን በኋላ አዲስ አበባ የሚኖር ያጎታችን ልጅ ደውሎ ሲነግረን ነበር። ገመድ አልባ ኢንተርኔት ካለው አንድ ሆቴል ገብተን፣ ሁለት ማኪያቶ አዘን፣ በአንዲት ስልክ ተቀራርበን አየነው።

መጀመሪያ ደስ አለን። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ሳቅ ያውቅበታል። ከ400,000 ሰው በላይ አይቶታል። ከዚያ መጨረሻው ላይ በሶውን ብርጭቆ ውስጥ እየበጠበጠ ወደ ካሜራው ጠጋ አለና፣ በሹክሹክታ ዓይነት፣ "ስኳር በሽታን ያጠፋል፣ ጨጓራንም ይፈውሳል፤ እናቴን ጠይቋት" አለ። እታለም ማኪያቶዋን አስቀመጠች። "ይህን ማን ነገረው?" አለችኝ። ማንም አልነገረውም። እኛም ምን እንደማይል አልነገርነውም።

በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት 312 መልእክትና ጥሪ ተቀበልን፤ አንድ በአንድ በደብተር መዝግቤአለሁ። ከግማሽ በላይ አዲስ አበባ ነው፤ የቀረው አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ጅዳ፣ ዱባይ፣ ዋሽንግተን። ከጎንደር አንድም አልነበረም። ያን ሰሞን በየብስ ዕቃ ወደ አዲስ አበባ መላክ አስተማማኝ አልነበረም፤ በአውሮፕላን የሚላክ በሶ ደግሞ የማጓጓዣው ዋጋ ከበሶው ይበልጣል። በሰው እጅ፣ በመንገደኛ ሻንጣ፣ በልመና 46 ኪሎ አደረስን። በ35 ብር ሲባዛ 1,610 ብር ይሆናል። ስልሳ ሺህ ብር ከፍለን የተገኘው ትርፍ ይህ ነው። የቀረው ጠያቂ ደግሞ "በሶ የለም" ተባለ። ለአንዲት ትንሽ ሱቅ ይህ ከአለመታወቅ የሚብስ ይመስለኛል። ያልሰማህ ሰው ነገ ሊሰማህ ይችላል፤ ጠይቆ ያጣህ ሰው ግን ሁለተኛ አይጠይቅም።

አንድ ደንበኛ ግን ቪዲዮው ከጎንደር አምጥቶልናል።

ሽማግሌ ናቸው፤ ከአዘዞ በባጃጅ ነው የመጡት። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በዱላቸው ደፉን ነካ አድርገው ገቡ። "ልጄ፣ ስኳር የሚያጠፋው በሶ እዚህ ነው አሉ?" አሏት እታለምን።

"ማን አለዎት፣ አባባ?"

"ልጄ ነው። ከውጭ ደውሎ። በስልክ አይቶት።"

"መድኃኒት አይወስዱም?"

ከኮታቸው ኪስ የተጨማደደ የኪኒን ማሸጊያ አወጡ፤ ከግማሽ በላይ አልተነካም። "ከትናንት ወዲያ ተውኩት። ከጎረቤት በሶ ተበድሬ ጀምሬአለሁ" አሉ። በምን እንደሚጠጡት ጠየቀቻቸው። በሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር።

እታለም ሱቁን ለአጠገቧ ነጋዴ አደራ ብላ፣ ሽማግሌውን ይዛ መድኃኒቱ የታዘዘላቸው ሕክምና ቦታ ድረስ ሄደች። በሶ አልሸጠችላቸውም። ማታ ስትመለስ ለልጁ ለአስተዋዋቂው እንድደውል አዘዘችኝ፤ ከዚያ በፊት ስታዝዘኝ አላውቅም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን እንደሚከለክል፣ አስነጋሪዎቹም እኛ መሆናችንን ነገርኩት። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ "ቀልድ እኮ ነው" አለ፤ አያቱም ስለ በሶ እንዲህ ይሉ እንደነበር ነገረኝ። ያን ክፍል ቆርጦ እስኪለቅ አራት ቀን ፈጀበት። በውሉ ልናስገድደው አንችልም ነበር። በልመና ነው የተቆረጠው።

የእኔና የእታለም ክርክር

እታለም ጥፋቱ የኢንተርኔቱ መቋረጥ ነው ብላ አመነች። ቪዲዮው በሐምሌ ቢለቀቅ ኖሮ ጎንደር ያየው ነበር፤ ጎንደር ቢያየው ሱቁ ይጨናነቅ ነበር። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። እኔም ለተወሰነ ጊዜ እንደዚያ አሰብኩ። ሆኖም አገልግሎቱ በ2016 ማብቂያ ላይ ሲመለስ ነገሩን የምንፈትንበት ዕድል አገኘን። ልጁን ለመንነው፤ የተቆረጠውን ቪዲዮ በነሐሴ በድጋሚ ለቀቀልን። የእሱን ደግነት እዚህ መጻፍ አለብኝ፤ ምንም አላስከፈለንም።

በዚያ ወር የሸጥነው 226 ኪሎ ነው። ከሱቁ የሚገቡትን ሁሉ "ከየት ሰምተው መጡ?" እያለች እታለም ትጠይቅ ነበር። "ቪዲዮውን አይቼ" ያሉት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ ከዘጠኙ አምስቱ ልጁን ታውቂዋለሽ ወይ ብለው ለመጠየቅ የመጡ ወጣቶች ናቸው፤ በሶ አልገዙም። ቪዲዮው መታየቱ አልቀረም፤ ሰው በሳቁ ተደስቶ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ አለፈ። የሚያስቅ ሰው ስለ ቆሎ አቆላል ምን ያውቃል? ማንም ያውቃል ብሎ አልገመተም።

በዚህ መካከል ስለ አንድ እግር ኳስ ተጫዋች አስበን ነበር። ፋሲል ከነማ በ2013 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሣ ወዲህ በዚህ ከተማ የተጫዋች ቃል ከብዙ ሰው ቃል ይሰማል። ቶሎ ተውነው። ተጫዋች ማልያውን ለብሶ ከታየ ክለቡም የክለቡ አጋር ድርጅቶችም ይመጣሉ፤ ማልያውን ካወለቀ ደግሞ ከሩቅ የሚለየው ጥቂት ነው። በዝውውር ወቅት ሌላ ከተማ ቢሄድስ?

የዱቤ ደብተሩ

በጥር 2017፣ ከጥምቀት በኋላ፣ የዓመቱን ዱቤ ስደምር ነው ያየሁት። የእታለም የዱቤ ደብተር ባለ መስመር የተማሪ ደብተር ነው፤ ጠርዙ በበሶ ዱቄት ነጥቷል። ደንበኛ በስሙ አይጻፍም፤ "የቀይ በሩ"፣ "የመምህርቷ ሠራተኛ"፣ "ባለ ሦስት መንታው" እየተባለ ነው። ከመካከላቸው "አሠልጣኙ፣ 5" የሚል መስመር ተደጋግሞ መጣ። ቆጠርኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሃያ ሦስት ጊዜ።

"ይህ አሠልጣኝ የሚባለው ማን ነው?"

"ጋሼ ናቸዋ" አለችኝ፣ የማላውቅ መሆኔ ገርሟት። "ስታዲየሙ አካባቢ ልጆች የሚያሠለጥኑት።"

በወጣትነታቸው ለከተማው ቡድን የተጫወቱ ሰው ናቸው። ዕድሜው ከአርባ በላይ የሆነ የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ከአርባ በታች ያለው ደግሞ ወይ አሠልጥነውታል ወይ ወንድሙን አሠልጥነዋል። በየማለዳው ከአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም አካባቢ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ያሯሩጣሉ። ከልምምድ በኋላ በአንድ ሰማያዊ ባልዲ በሶ ይበጠበጣል፤ በሶው የእኛ ነው፤ የሚገዛው ከገዛ ደመወዛቸው ነው። አዲስ አበባ ድረስ ዝነኛ ስንፈልግ ሰውየው በየወሩ መጥተው "ልጄ፣ ጻፊብኝ" እያሉ ይወስዱ ነበር። እኔ ስሙን ስደምር ኖሬአለሁ፤ ሰውየውን አላየኋቸውም።

ሄደን አነጋገርናቸው። እታለም ያቀረበችው ከዘፋኙ የተረፈ ሐሳብ ነበር፤ ፎቷቸው ከረጢቱ ላይ ይታተም፣ በወር የተወሰነ ብር ይከፈላቸው። ባልዲውን እያጠቡ አዳመጧትና፣ "ፊቴን ከረጢት ላይ አታትሚ። የከረጢት መጨረሻው ቆሻሻ ገንዳ ነው" አሏት። ብሩንም አልወደዱትም። "ለልጆቹ ስጪ" አሉ። ከዚያ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፤ እኔ ብሆን አልቀበለውም ነበር። "ገብሱ የተበላሸ ቀን በልጆቹ ፊት ተበላሸ እላለሁ። ውሉ ላይ ይጻፍ።"

እታለም "ይጻፍ" አለች።

ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይህኛውን በደንብ። ለአንድ ዓመት፤ የእጅ ጽሑፋቸውና ስማቸው በሱቃችን በር ላይ ብቻ፤ ሌላ ቦታ፣ ከረጢት ላይም ቴሌግራም ላይም፣ ያለ አዲስ ስምምነት አይወጣም። ስለ በሽታ፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ፈውስ አንድም ቃል አይነገርም። በማንኛውም ቀን ምክንያት ሳይሰጡ ማቋረጥ ይችላሉ፤ ሲያቋርጡ ወረቀቱ በዚያው ቀን ይነሣል። እኛ በየወሩ 10 ኪሎ ለልጆቹ እንሰጣለን፤ በጊዜው ዋጋ ወጪያችን 1,520 ብር ይሆናል።

የካቲት 1 ቀን ወረቀቱ በሩ ላይ ተለጠፈ። በትልልቅ ፊደል፣ በራሳቸው እጅ፦ "ልጆቼ ከልምምድ በኋላ የሚጠጡት በሶ ከዚህ ነው የምገዛው።" ከሥሩ ፊርማ። "የምገዛው" የምትለውን ቃል ልብ በሉ፤ እኔ "የሚገኘው" ይባል ብዬ ነበር፤ አልተቀበሉኝም።

እታለም ደግሞ በማግስቱ በራሷ እጅ አንድ መስመር ጨመረችበት፦ "በየወሩ 10 ኪሎ ለልጆቹ እንሰጣለን።" ተጣላን። ተከፍሏቸው ነው ይባላል አልኳት። "ተከፍሏቸው እኮ ነው" አለችኝ። በእርግጥም አንድ ሰው አንብቦ "እንዲያ በሉኝ!" ብሎ ሳይገዛ ሄደ። አንድ ብቻ ነው ያየሁት።

የሽያጩን ነገር ስናገር እንዳላጋንን እጠነቀቃለሁ፤ ምክንያቱም ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሆኗል። ዐቢይ ጾም በዚያ ዓመት የገባው የካቲት 17 ነው፤ በጾም ደግሞ በሶ በየዓመቱ ይጨምራል። በጥር 230 ኪሎ ሸጥን፤ በየካቲት 310፤ በመጋቢት 420። የመጋቢቱን ቁጥር ለወረቀቱ ብሰጠው እዋሻለሁ፤ በቀደመው ዓመት ያለ ምንም ወረቀት በጾሙ ከ190 ወደ 260 ወጥቶ ነበር። እኔ የማምነው የግንቦትን ቁጥር ነው። ፋሲካ አልፏል፣ ሥጋውም ቅቤውም ተመልሷል፣ በሶ የሚረሳበት ወር ነው፤ 340 ኪሎ ሸጥን። ከጥር ጋር ሲነጻጸር 110 ኪሎ ብልጫ አለው። ኪሎው ያኔ 190 ብር ነበር፤ 38 ብር ይተርፍ ነበር። 4,180 ብር በወር፣ ለ1,520 ብር ወጪ። ትንሽ ገንዘብ ነው። ወፍጮ ግን በዚህ ዓይነት ገንዘብ ይገዛል፤ በ400,000 እይታ እንደማይገዛ አይተናል።

አዲሶቹ ገዢዎች እነማን እንደሆኑም ጠየቅን። አብዛኞቹ የልጆቹ እናቶች ናቸው፤ ከዚያ የእናቶቹ ጎረቤቶች። ከሱቁ በእግር ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ርቀት የሚመጣ የለም ማለት ይቻላል። ጎበዝ ልጅ ያላት አንዲት እናት ሚዛኑ ላይ ተደግፋ ለእታለም እንዲህ አለቻት፦ "እኔ እሳቸውን ስለማምን አይደለም የመጣሁት። ልጄ ቤት የሚጠጣውን በሶ አልጠጣም ስላለኝ ነው፤ የጋሼ ዓይነት ካልሆነ ብሎ።" ይህን ስሰማ የአሠልጣኙን ዝና ያህል የባልዲውም ጣዕም እንደሠራ ገባኝ። ሁለቱን ለይቼ ልመዝናቸው አልችልም፤ ቀጭ የሚለው ቆሎ ከሌለ ግን ወረቀቱ ለአንድ ሳምንትም የሚቆም አይመስለኝም።

በሰኔ አንድ ጊዜ ተፈትነናል። ከመንገድ የዘገየ ገብስ እርጥበት ይዞ መጣ፤ እታለም ታምማ ስለነበር የሱቃችን ሠራተኞች ናቸው የቆሉት። አሠልጣኙ ባልዲውን በጥብጠው ቀመሱና፣ ለሠላሳው ልጅ "ዛሬ በሶው ልክ አይደለም፤ ውሃ ጠጡ" አሉ። ከሰዓት በኋላ በእግራቸው ሱቁ ድረስ መጥተው ነገሩን። እታለም ከሱቅ የነበረውን 40 ኪሎ አወረደች፤ ለከብት መኖ ሄደ። የሸጥነውንም ለሚመልስ ሰው ገንዘቡን መለስን፤ ሦስት ሰዎች መጡ። በውሉ ውስጥ ያ ቅድመ ሁኔታ ባይኖር ኖሮ ምን ይሉን ነበር ብዬ አስባለሁ። ምናልባት ዝም ይሉ ነበር፤ ይሉኝታ አለ። በሚቀጥለው ወር ግን ከሌላ ሱቅ ይገዙ ነበር፤ ሠላሳው እናትም አብሮ።

ውሉ የተጻፈው እስከ የካቲት 2018 ነው። እታለም እንዲታደስ ትፈልጋለች፤ እሳቸው "እስኪ ገብሱን እናያለን" ይላሉ።

የልጆቹ 10 ኪሎ በየወሩ መጀመሪያ በነፃ ይሄዳል። ለቤታቸው የሚወስዱትን ግን እንደ ድሮው በዱቤ ነው የሚወስዱት። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ስደምር የሁለት ወር አልከፈሉም። "አሠልጣኙ፣ 5። አሠልጣኙ፣ 5።" እታለምን ላስታውሳቸው ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"ደመወዝ ሲገባላቸው" አለችኝ፣ የሚዛኑን ሳህን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች።